ሳላይ የሣልሁት ዓይን

በሥራ ዘመኔ የጻፍሁት የመጨረሻው ሪፖርት አራት ገጽ ነው። በታብሌት ላይ የሚሠሩ ሦስት የመሳያ አፖችን አወዳድሮ፣ የትኛው ለመሥሪያ ቤታችን እንደሚሻል ይናገራል። ሠንጠረዥ አለው፣ ነጥብ አሰጣጥ አለው፣ አለቃዬም በስብሰባ ላይ አንስታ አመስግናኛለች። ሥራዬ መሣል እንጂ መጻፍ ስላልነበረ፣ ሰው አንብቦ ያመሰገነልኝ ብቸኛ ጽሑፍ ይኸው ነው። ባልጻፍሁት ብዬ የምመኘውም እሱኑ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ይህ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ላሊበላ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እህ፣ ደምሴ፣ አሁንስ ምን ላይ ታፈጣለህ?» ይሉኛል። ድሮም «ግድግዳ አፍጣጩ» ነበር የሚሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ የቅርስ ነዳፊ ነበርሁ። ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናትና በየገጠሩ ዋሻ ውስጥ ያሉትን ደብሮች፣ ግድግዳቸውንም ሥዕላቸውንም እያየሁ፣ በልክ በልኩ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። አንድ ቀን ቢፈርሱ እንዴት እንደነበሩ የሚያሳይ ወረቀት እንዲኖር ነው። ደሞዙ እንደማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ ደሞዝ ነበር፣ እሱን እዚህ አላነሳውም።

ሥራ የገባሁት ሜትር ያዥ ሆኜ ነው። አባቴ አስጎብኚ ነበር፤ እኔንም አስጎብኚ ሊያደርገኝ ብዙ ደክሟል። እኔ ግን ሰው ፊት ቆሜ ስናገር ላብ ያጠምቀኛል። ቢቸግረው ጋሽ ይመር ወደሚባሉ ነዳፊ ወሰደኝና «ይኸ ልጅ መናገር አልሆነለትም፣ ዝም ማለት ግን ይችላል» አላቸው። ጋሽ ይመር ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እሱ ይበቃል» አሉ።

ጋሽ ይመር የሙጃ ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ንግግራቸው አጭር። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከሳቸው ነው። ግድግዳ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ምንም አይሠሩም። ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እኔ ሜትሩን ይዤ ስቁነጠነጥ «ዝም ብለህ ቁም፣ ግድግዳው ይልመድህ» ይሉኛል። ሦስት እርሳስ ነበራቸው፤ ሦስቱንም ቤታቸው በምላጭ ቀርጸው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚመጡ። ላጲስ የሚባል ነገር ወደ ሥራ ይዘው አይወጡም። ተሳስተው መስመር ቢያሰምሩ አይፍቁትም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል ያደርጉበትና ትክክለኛውን አጠገቡ ያሰምራሉ። «ስሕተቴ የት እንደነበረ ካላየሁ እንዴት እታረማለሁ?» ይሉ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፊት ሲነድፉ ነው። አንዱን ዓይን ነድፈው ከጨረሱ በኋላ እርሳሱን አስቀምጠው ይወጣሉ። ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ ይቆረጥማሉ፣ ከደብሩ ሰዎች ጋር ስለ ከብት ያወራሉ። ከዚያ ተመልሰው ሁለተኛውን ዓይን እንደ አዲስ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ሥራ ፈጥኖ ማለቁን ፈልጌ ነው መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ለክተን በወዲያኛው በኩል ብንደግመው አይቀልም ወይ?» አልኋቸው። አፍጠው አዩኝ። «እናትህ አለች?» አሉኝ። «አለች» አልሁ። «እንግዲያው ዛሬ ስትገባ ዓይኖቿን እያቸው።» ገብቼ አየሁ። የእናቴ ግራ ዓይን ቆብ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬያት ስኖር አላየሁትም ነበር። ለጋሽ ይመር ብነግራቸው «ሜትሩን ያዝ» ብቻ አሉኝ።

ሥራችን ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ የአንድ ደብር መስኮት የወደቀ ጊዜ ነው። ባለ ሐረግ ቅርጽ የእንጨት መስኮት ነበር፤ ስድስት ቦታ ተሰባብሮ ወደቀ። ጋሽ ይመር ከዓመታት በፊት የነደፉት ወረቀት ነበረ። አናጢዎቹ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተው፣ እያንዳንዷን ስባሪ በየቦታዋ እያስቀመጡ ገጣጠሙት። የጎደለችውን አንዷን ቁራጭ ከወረቀቱ ለክተው ሠሯት። መስኮቱ ተመልሶ ሲቆም የደብሩ አለቃ የጋሽ ይመርን እጅ ሊስሙ አጎነበሱ፤ እሳቸው እጃቸውን ነጠቁ። ወደ ከተማ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ፣ ደስ ብሏቸው ነበር።

እኔም በተራዬ ደንበኛ ነዳፊ ሆንሁ። መካከል ላይ አንድ አለቃ መጣብን፤ ችኩል ሰው ነው። አንድ ሩቅ ያለ ደብር ሳንሄድ ከፎቶግራፍ እያየን እንድንነድፈውና «በቦታው ተገኝቼ ነደፍሁ» ብለን እንድንፈርም አዘዘ። እኔ ያላየሁትን አልፈርምም አልሁ። ወንድ ነኝ ብዬ፣ ቢሮ መሐል ቆሜ። ለቅጣት ሁለት ዓመት ኩልመስክ የምትባል የገጠር ከተማ ላኩኝ። ያለ አንድ ወንበር ምንም የሌለው ቢሮ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከኔ በቀር አንድ ዘበኛ ነበር፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ገብሱን ሲያጭድ ነው የሚውል። ጋሽ ይመር ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ በሰው ሰው «ደግ አደረገ በሉት» ብለው ላኩልኝ። ያንን ቃል ብዙ ጊዜ ለራሴ እየደጋገምሁ እኮራበት ነበር። ጋሽ ይመር እኔ ከኩልመስክ ከተመለስሁ በኋላ አረፉ፤ የኋላውን ጉዴን ሳያዩ።

ታብሌቶቹ የመጡት እኔ ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ነው። ከዚያ በፊት ክፉ ጊዜ አሳልፈናል፤ እንግዳ የለም፣ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ቢሮውም ለወራት ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት አዲሷ አለቃችን ኢንጂነር ሰናይት ሦስት የመሳያ አፕ የተጫነባቸው ታብሌቶች ይዛ መጣች። የደሴ ልጅ ናት፤ ሥራ ወዳድ፣ ሰው አክባሪ። «ጋሽ ደምሴ» አለችኝ፣ «ከእርስዎ በላይ እነዚህን የሚመዝናቸው የለም። በሦስቱም ሥለው ያወዳድሩልኝና የሚሻለውን ይንገሩኝ። ከእርስዎ በኋላ የሚመጡት በሱ ነው የሚሠሩት።»

መጀመሪያ ጠላኋቸው። መስታወት ላይ በፕላስቲክ ብዕር መሣል ምን ይሉታል? ብዕሩ ይንሸራተታል፤ ወረቀት እጅን ያዝ እንደሚያደርገው አያደርግም። ሲቆይ ግን ተላመድን። የአፖቹ ስም ፈረንጅኛ ነው፣ ለምላሴ አልመች ስላለኝ የራሴን ስም አወጣሁላቸው። አንደኛውን «ደረቁ» አልሁት። እርሳስ አለው፣ ማጥፊያ አለው፣ በቃ። ቶሎ ይከፈታል፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ባትሪም አይበላም። ክፋቱ መዳፍን ከብዕር አይለይም፤ እጅህን ካሳረፍህበት የመዳፍህን ጥላ ሁሉ ይሥላል። እጄን አየር ላይ አንጠልጥዬ መሥራት ሲያቅተኝ የአሮጌ ካልሲ ጫፍ ቆርጬ መዳፌን አለበስሁት። ቢሮው ሁሉ ሳቀብኝ፣ ግን ሠራ።

ሁለተኛውን «አራሚው» አልሁት። ይኸኛው ያሰመርኸውን መስመር እጅህን እንዳነሳህ ያቃናልሃል። መጀመሪያ ደስ ይላል። አንድ የተሰነጠቀ ዓምድ ነደፍሁበትና ስንጥቁን አቃንቶ፣ እንደ አዲስ አስፋልት ለስላሳ አድርጎ አሳየኝ። ስንጥቅ ተቃንቶ ምን ይረባል? ማቃኛውን ማጥፋት ይቻላል ይላሉ፣ ነገር ግን ቁልፎቹ ሁሉ ትናንሽ ሥዕሎች ናቸው፤ የቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ እየነካካሁ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያኑን በሙሉ ቀይ ቀለም ደፋሁበት። ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ አልከፈትም ይላል። ገጠር ዋሻ ውስጥ ተቀምጬ «ማንነትዎን ያረጋግጡ» ሲለኝ ምን እንደምመልስለት ቸገረኝ።

ሦስተኛውን «መስታወቱ» አልሁት። ይኸኛው መዳፍን ያውቃል። ብዕሩን ጫን ስታደርግ መስመሩ ይወፍራል፣ ላላ ስታደርግ ይቀጥናል። ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ለኔ ዓይን የተሠሩ ይመስላሉ። በስስ ወረቀት ላይ ስስ ወረቀት እንደምንደርበው፣ ሥዕሉን በየንጣፉ ለያይቶ ያስቀምጣል። ከታች በግራ በኩል ወደ ኋላ የምትመልስ ቀስት አለች፤ በነካኻት ቁጥር የመጨረሻውን መስመር ታጠፋለች፣ ሰልችታ አታውቅም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቁልፍ አለው፤ እሱን ስትነካ መካከል ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፣ በቀኝ የሣልኸውን በግራ እሱ ራሱ ይሥልልሃል። ስሙንም ከዚያ ነው ያወጣሁለት።

እውነቱን ልናገር፣ ወደድሁት። ያኔ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ዓይኔም ደክሟል፤ ለማንም አልተናገርሁም እንጂ ቱንቢ ስጥል ክሩ ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር። በመስታወቱ ስሥል ግን እጄ ወደ ሠላሳ ዓመቱ ተመለሰ። ሰው ጡረታ ሊወጣ ሲል እጁ ሲመለስለት ማመዛዘን ያቅተዋል።

የመጨረሻውን ሙከራ የት ልሥራው ስል ከብልባላ ወዲያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ደብር ታወሰኝ። ስሙን አልጽፈውም፤ በኔ ጥፋት ስማቸው እንዲነሳ አልፈልግም። ዋሻ ውስጥ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ግድግዳዋ ላይ፣ በጥንት ልስን ላይ የተሣለች የእመቤታችን ሥዕል ነበረች። ማንም ነድፏት አያውቅም። ቢሮው ፎቶግራፏ አለው፣ ነገር ግን በተመልካቹ በስተግራ ያለው የፊቷ ግማሽ በጧፍ ጭስ ጠቁሮ ስለነበር ፎቶው ላይ ጨለማ ብቻ ነው። በዓይን ለማየት ጧት ፀሐይ በጠባቧ መስኮት እስክትገባ ጠብቆ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ በትዕግሥት ነው።

በጥር ወር ዕቃዬን በአህያ ጭኜ ሄድሁ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ፣ ንብረቱን የሚጠብቁት አባ ክንፈ፣ በደስታ አስገቡኝ። ከሥዕሏ ፊት ለፊት አጎዛ ላይ አንዲት መነኩሲት ተቀምጠዋል፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ፣ ከደብሩ አጠገብ ባለች ጎጆ የሚኖሩ። ታብሌቱን ሳወጣ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ልንገርህ ልጄ» አሉ። «በዚህኛው ዓይኗ ሁሉን ታያለች። በዚያ በጨለማው በኩል ባለው ግን ወደ ታች፣ ወደዚህ ነው የምታይ።» የተቀመጡበትን አጎዛ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «አንዲት ልጅ ነበረችኝ። የቀበርኋት ዕለት እዚህ ወድቄ ቀና ስል አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ አልተነሳሁም። በደንብ እያት፣ እንዳታመልጥህ።»

«እሺ እማሆይ» አልሁ።

ሥራውን ለሦስት ከፈልሁት። የልብሷን እጥፋት በደረቁ፣ እጆቿንና ሕፃኑን በአራሚው፣ ፊቷን በመስታወቱ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ የምትቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከአራሚው ጋር ስታገል አብዛኛው አለቀ። ፊቷ ላይ ስደርስ ብርሃኑ መሸሽ ጀምሯል። በስተቀኝ ያለውን ግማሽ ነደፍሁ፤ ቅንድቧን፣ ዓይኗን፣ የአፍንጫዋንና የአፏን ግማሽ። ያንን ግማሽ በደንብ አይቼ ነው የነደፍሁት፣ ዛሬም እምልበታለሁ። የጨለማውን ግማሽ ለማየት ግን አድሬ የነገውን ፀሐይ መጠበቅ ነበረብኝ።

ባለ አህያው ውጭ ይጠብቀኛል። ሪፖርቱ ለሰኞ ይፈለጋል። ይኸ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። መስታወቱ ምን እንደሚሠራ ለማየት ቸኩዬ ነበር፣ እውነቱ ይኸ ነው። ቁልፉን ነካሁት። ሙሉ ፊት አንድ ጊዜ ብቅ አለ፤ ሁለቱ ዓይኖች እኩል፣ ቅንድቦቹ እኩል፣ ጥርት ያለች። ደስ አለኝ። ይኸን መደበቅ አልችልም። ጋሽ ይመር በሕይወት ቢኖሩ በምላጫቸው ጣቴን በቆረጡኝ ነበር፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት አላሰብኋቸውም።

ሪፖርቱ ላይ «ፊትን ለመሰለ፣ ግራና ቀኙ እኩል ለሆነ ነገር፣ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል» ብዬ ጻፍሁ። ስለ ቀስቷም «ነዳፊው ስሕተትን እንዳይፈራ ያደርጋል» ብዬ አመሰገንሁ። መስታወቱ አንደኛ ወጣ። ሥዕሉን ከነስሜ መዝገብ ቤት አስገባሁት። «ግማሹ ለሙከራ የተሠራ ነው» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍሁም። ተመልሼ ሄጄ አስተካክለዋለሁ እያልሁ ሰኔ ደረሰና ጡረታ ወጣሁ። ቢሮው ያቺኑ የሣልሁባትን ታብሌት ሸለመኝ።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አባ ክንፈ ዝናብ እንደደበደባቸው ቤቴ መጡ። ከመቀመጣቸው በፊት «ደምሴ፣ እመቤታችን ወደቀች» አሉኝ። ውኃ ከአለቱ በስተኋላ ሰርጎ ልስኑን ፈንቅሎ ጥሎታል። ስባሪውን ሰብስበው ነበር፣ ግን ርሶ ጭቃ ሆኗል። «ቢሆንም እግዜር አስቀድሞ አንተን ልኮ ነበር» አሉ። «አንድ ሠዓሊ ተለምኖ እሺ ብሎናል። ጥቅምት ላይ ግድግዳው ሲደርቅ እንዳንተ ንድፍ አድርጎ ይሥልልናል። እስቲ አሳየኝ።»

ታብሌቱን ከፍቼ አሳየኋቸው። አባ ክንፈ ዓይናቸው ደካማ ነው፤ ጠጋ ብለው «እሷው ናት፣ እሰይ» አሉና አጎንብሰው ተሳለሟት። ከንፈራቸው ሲነካው ሥዕሉ ተንሸራቶ ወደ ጎን ሄደ። ደነገጡ። መልሼ አስተካከልሁላቸው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ማንም አይለየው ይሆናል አልሁ በልቤ፣ ማን ያስታውሳል?

ጥቅምት ላይ ሄድሁ። ሠዓሊው ቀለሙን በጥብጦ፣ አዲሱን ልስን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ከሁሉ በፊት እማሆይ ይዩዋት ተባለ። ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ብዙ ጊዜ አዩ።

«ቆንጆ ናት» አሉ። «የየት ደብር ናት?»

«የዚህችው ናት እማሆይ። በጥር የነደፍኋት።»

«አይደለችም ልጄ። ይቺ እኔን አታይም።»

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልሁም። ግማሹን እኔ አይቼ እንደሣልሁ፣ ግማሹን ማሽኑ ደግሞ እንደሠራው፣ ባለሁበት ቆሜ ለሦስቱም ነገርኋቸው። ላቡ እንደ ልጅነቴ አጠመቀኝ። ሠዓሊው ሊያግዘኝ ብሎ «እውነተኛውን ግማሽ ብቻ ልሥራውና ሌላው ባዶ ይሁን?» አለ። አባ ክንፈ ተቆጡ። «ባንድ ዓይን? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው? እመቤታችንን ከሰይጣን ጋር ልትደምራት ነው?» ሠዓሊው አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ እንግዲያው ከራሴ አዲስ ዓይን ልሥራላት» አለ። «አዲስ ሥዕልማ ከላሊበላ ገበያም ይገዛል» አሉ አባ ክንፈ፣ «እኛ እሷን ነው የምንፈልግ።»

ይኸኔ እማሆይ «እኔ አውቃታለሁ» አሉ። «እኔ እየነገርሁህ አንተ ሣላት።»

አራት ጧት ተቀመጥን፣ እሳቸው አጎዛቸው ላይ፣ እኔ አጠገባቸው። የመስታወቱን ቁልፍ አጠፋሁና ግራውን ዓይን በእጄ መሣል ጀመርሁ። «ዝቅ» ይላሉ፣ ዝቅ አደርጋለሁ። «በዛ። ትንሽ ወዲህ።» ቀስቷን እነካለሁ፣ መስመሩ ይጠፋል፣ እንደገና እሥላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሊያልቅ ሲል አንዷን አይተው ጎንበስ አሉባት። እጃቸው አገጫቸው ላይ ቀረ። «ቀርበሃል» አሉ በቀስታ፣ «ዓይነ ቆቡ ብቻ ትንሽ…»

ዓይነ ቆቡን ላስተካክል ብዬ ቀስቷን ነካሁ። እጄ ተንቀጥቅጦ ደጋግሜ ነካኋት መሰለኝ ዓይኑ በሙሉ ሄደ። ሳላስበው አዲስ መስመር አሰመርሁ። በዚያ አፕ ወደ ኋላ ተመልሰህ አንድ አዲስ መስመር ካሰመርህ፣ ቀስቷ ያነሳችው ሁሉ ለዘላለም ይጠፋል። ይኸን አውቅ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ግን እንደ ጉድለት አልቆጠርሁትም።

«ያቺን አምጣት» አሉኝ እማሆይ። «የቅድሟን።»

«ጠፋች እማሆይ። መልሼ እሥላታለሁ።»

አልተመለሰችም። በሁለተኛው ቀን ስንት ዓይን እንደሣልሁ አላውቅም። ወረቀት ቢሆን ኖሮ ሦስት አራት ጊዜ ስንሞክር ወረቀቱ ያልቅ ነበር፣ የተሳሳተውም ሁሉ እፊታችን ተቀምጦ ይታይ ነበር። እዚህ ግን ምንም አይቀርም፤ ታብሌቷ ሁልጊዜ ንጹሕ ናት፣ ሁልጊዜ እንደገና ሞክር የምትል ትመስላለች። እኔም ሞከርሁ። ጥፋቴን የማጥብ መስሎኝ፣ እሳቸው ሲደክሙ እንኳ «አንዴ ብቻ እማሆይ፣ እቺን ብቻ ይዩልኝ» እያልሁ። በሦስተኛው ቀን መልሳቸው እየቆየ መጣ። «እቺ ትሆን?» «እንጃ ልጄ።» «ይቺስ?» «እንጃ። እሷም ትመስላለች።»

በአራተኛው ጧት ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እያሰቧት ነው ብዬ ብዕሬን አንስቼ ጠበቅሁ። በጣም ቆዩ። ሲገልጡት እንባ በጉንጫቸው ወርዷል፣ ፊታቸው ላይ ግን ቁጣ አልነበረም።

«ተው ልጄ፣ ይብቃህ» አሉኝ። «አሁን ስጨፍን የምትመጣልኝ ያንተዋ ናት።»

ይቅር ይበሉኝ አልሁ። ምን ሌላ እላለሁ? «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉና አጎዛቸውን ለማጠፍ ተነሱ፤ ላግዝዎ ብል እጄን ያዝ አድርገው መለሱልኝ። አባ ክንፈ ለሠዓሊው ቀለሙን ሰብስብ አሉት። ባዶው ግድግዳ ላይ ነጭ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ዛሬ ምእመናኑ መጋረጃውን ነው የሚሳለሙት።

ባለፈው ሳምንት አባ ክንፈን እዚህ ላሊበላ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው አወራን። እማሆይ እንዴት ናቸው አልሁ። «አለች» አሉ፣ «ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ውስጥ አትገባም። ከውጭ፣ ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ነው የምታስቀድስ።» ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።